«ይሄንንም ልትተዪው ነው?»

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። እራት ተበልቶ ተነስቷል። ባለቤቴ ዜና ያያል፤ ትንሿ ልጄ ሶፋው ላይ ታንቀላፋለች። እኔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ አንዲት መስመር ጽፌ፣ እሷኑ ደጋግሜ እያየሁ ተቀምጫለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ ከቤት ሥራዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ማሚ፣ ይሄንንም ልትተዪው ነው?» አለችኝ።

አልተቆጣችም፣ አላዘነችም። «ነገ ትምህርት አለ?» ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችኝ። የከበደኝም ይኸው ነው። እናቷ ሥራ የምትጀምርና የምትተው ሰው መሆኗን ልጄ እንደ ተራ ነገር ለምዳዋለች ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች እንቅልፍ፣ ስለ ምሳ ዕቃ፣ ስለ ዘመድ ጥየቃና ስለ ቤት ወጪ ብዙ ተጨዋውተናል። ይሄን ጉዳይ ግን አንስቼላችሁ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። አሁን ላወራችሁ የወሰንኩት በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልደት ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ተመልሼ ሥራ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን...» የሚሉ እናቶች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። ከዚያ «ግን» በኋላ ያለውን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

«ለአንድ ዓመት ብቻ»

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በ2010 ሲሆን፣ ያኔ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። በጊዜው የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ሆኗል። የኔ 60 ቀን ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሞግዚታችን አገሯ ልትጠይቅ ሄዳ በዚያው ቀረች። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብዬ ሥራ ለቀቅኩ። አንድ ዓመቱ ስድስት ዓመት ሆነ።

በነዚያ ስድስት ዓመታት እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የቤቱን በጀት የምይዘው እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእቁብ፣ የእድር፣ የዘይትና የጤፍ ሒሳብ ሁሉ በእጄ ነበር። ነገር ግን ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ቤት ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ይሄን መልስ ለስድስት ዓመት ሲደጋግሙት፣ ሳይታወቅ ራስን ማሳመኛ ይሆናል።

አሥራ አንድ ቀን፣ ከዚያ አምስት ሳምንት

በ2016 የኑሮ ውድነቱም ገፋፋኝ፣ ልጆቹም ከፍ አሉ። ሰፈሬ አካባቢ የግማሽ ቀን ሥራ አገኘሁ። ስለቅ ቴሌብር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስመለስ ግማሹ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ቼክና ሲፒኦ ለምጄ የወጣሁ ሰው፣ የደንበኛ ክፍያ ማረጋገጫ በስልክ ፎቶ ሲላክልኝ የት እንደምመዘግበው ግራ ገባኝ። ታክስ የሚታወቀው በኢንተርኔት ነው። ሳይለወጥ የጠበቀኝ ፒችትሪ ብቻ ነበር።

ሥራው ግን አልነበረም ያስመረረኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ገንዘብ ያዥ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በትሕትና «እርስዎ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሲስተሙ ውስጥ ስንገታገት አይታ፣ «ይሄን አያውቁትም እንዴ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያቺን «እንዴ» ስሰማት ዋልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ማመልከቻ ጻፍኩ፦ «በግል ምክንያት ሥራዬን መቀጠል ስላልቻልኩ...»

ሁለተኛው በ2017 ነው። ይሄኛው ወረቀት ላይ የግማሽ ቀን ነበር። ልክ ልወጣ ስል «ዛሬ ብቻ» ይሉኛል። የ«ዛሬ ብቻ» ብዛት ልጆቼን ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት ጥበቃ ጋር በር ላይ አቆማቸው። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ሰው ፊት ተቆጡኝ። በአምስተኛው ሳምንት ያንኑ «በግል ምክንያት» ጻፍኩ። ስለ ሰዓቱ አንድም ቀን አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከሁለተኛው በኋላ የመጣው ከሥራ ማጣት የባሰ ነው። ጓደኞቼ የሥራ ማስታወቂያ ሲልኩልኝ አይቼ እንዳላየ ማለፍ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት ብቻዬን የያዝኩትን የቤት በጀት እንኳ ለባለቤቴ «እስቲ እየው፣ ተሳስቼ እንዳይሆን» እያልኩ አሳየው ነበር። በራስ መተማመን የጠፋው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ጉድለቱ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እናቴ ሁኔታዬን አይታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ» አለችኝ። «እማዬ፣ እንቁላሉ እኮ በመንገድ ላይ ሁለቴ ተሰብሯል» አልኳት። ስቃ ዝም አለች።

27ኛው ቀን

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ በጓደኛዬ ጥቆማ ሃያ ሁለት አካባቢ ካለ አነስተኛ ድርጅት ገባሁ። አሥራ አራት ሠራተኛ ነው ያለው። ሰዓቴ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ነው። ልጆቹን ሰርቪስ ላይ አሳፍሬ፣ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሃያ ሁለት። ከቤት ስወጣ ሆዴ ይረበሻል፤ መገናኛ ስደርስ ይብስብኛል። ይሄ ለስንት ቀን እንደቀጠለ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የጥቅምትን ደመወዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሠራሁ። ሰኞ ገንዘቡ ለሁሉም ገባ። ማክሰኞ ልወጣ አካባቢ የጡረታ መዋጮውን ቅጽ ስሞላ የመስከረምን ዝርዝር ከጎኑ አስቀመጥኩትና ደሜ ቀዘቀዘ። ቁጥሮቹ አይገናኙም።

ለማታውቁት ላስረዳ። በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፈላል። የሚሰላው ግን በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው እንጂ በአበል ላይ አይደለም። እኔ የትራንስፖርት አበሉን ጨምሬ አስልቼዋለሁ። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር፣ አበሉ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 840 ብር ሊቆረጥበት ሲገባ 1,050 ብር ቆርጬበታለሁ። 210 ብሩን ወስጄበታለሁ ማለት ነው። አበል ያላቸውን ሁሉ እንደዚያው።

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ማመልከቻውን በልቤ ጻፍኩት። ማታ ልጄ ስትጠይቀኝ ስክሪኑ ላይ የነበረችው ያቺ አንዲት መስመር «በግል ምክንያት» የምትለዋ ነበረች፤ ለሦስተኛ ጊዜ።

ለልጄ «እንጃ» አልኳት። ከዚያ ለባለቤቴ ነገርኩት። እኔ አገር እንደጠፋ አድርጌ ሳወራ፣ እሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ አድርጎ «ስንት ብር ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ይመለሳል?»

«አዎ፣ ይመለሳል።»

«ጡረታው ተልኳል?»

«ገና ነው።»

«እና?» አለኝ።

ያቺን «እና?» የሚመልስ ነገር አጣሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ማመልከቻውን አልሰረዝኩትም፤ ሐሙስ እልከዋለሁ ብዬ ነው ያቆየሁት። ጠዋት የሆዴ መረበሽ እንዳለ ሄድኩ።

አለቃዬ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የሁለቱን ወር ዝርዝር ፊታቸው አስቀምጬ «የጡረታውን ስሌት ተሳስቻለሁ፤ ያገኘሁትም ራሴ ነኝ» አልኳቸው። ፊታቸው አልፈታም። «ከተከፈለ በኋላ ነው የምታዪው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው «እስከ ስንት ሰዓት ታስተካክይዋለሽ?» ሲሉኝ፣ «እስከ አምስት ተኩል» አልኳቸው። አምስት ከሩብ ላይ ጨረስኩት። ማስተካከያው ተከፈለ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም ለምን እንደተመለሰለት ራሴ ነገርኩ። የበሩ ጥበቃ፣ አዛውንት ናቸው፣ ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ሳልጠይቅ ገንዘብ ሲመለስልኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ መጣ። ማመልከቻውን ረስቼው ነበር።

የትኛው ይቀድማል?

እስከዚያን ቀን ድረስ በራስ መተማመን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልግ ስንቅ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ይኖረኛል፣ ከዚያ እገባለሁ፤ ከሌለኝ ደግሞ ቦታው የኔ አይደለም ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር። የተገላቢጦሽ ነው። የሚገኘው እዚያው ውስጥ ተቆይቶ ነው፤ ያውም ነገሩ ከተበላሸበት ቀን ማግስት።

ሥነ ልቦና ያጠናች ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት አልገረማትም። አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይሄን ነገር እወጣዋለሁ» የሚለውን እምነት የሚያገኘው ከአራት ምንጮች ነው ማለቱን ነገረችኝ። ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ የሚመስለው ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ ሌላ ሰው በቃል ሲያበረታታው፣ እንዲሁም የገዛ ሰውነቱ የሚሰጠው ስሜት። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው።

ይሄን ስሰማ የኔ ታሪክ ገባኝ። ዘመድ አዝማድ «አንቺ ጎበዝ እኮ ነሽ» ሲለኝ የኖረው ሦስተኛው ምንጭ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ብዙ አያስኬድም። በየጠዋቱ መገናኛ ላይ የሚረበሸው ሆዴ አራተኛው ነው፤ እኔ እሱን «አትችይም» የሚል ፍርድ አድርጌ አነበው ነበር። ሁለት ጊዜ ስለቅ የተውኩት ደግሞ የመጀመሪያውን ነው። ስህተቱን አይቼ ወጣሁ፤ ሲስተካከል ግን አላየሁም። ማስረጃው ግማሽ ሆኖ ቀረ።

ሌላም ነገር አለ። በአዋጁ መሠረት አሠሪና ሠራተኛ በጽሑፍ ከተስማሙ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። ይሄን አንቀጽ የሥራ ውል በማዘጋጅበት ዘመን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት! ሁልጊዜ ግን አሠሪው ሠራተኛውን የሚፈትንበት ጊዜ አድርጌ ነበር የማየው። ሕጉ ለሁለቱም ነው፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። እንግዳ የሆነ አሠሪ እንኳ 60 ቀን ይሰጠኛል፤ እኔ ግን ለራሴ የሰጠሁት 11 ቀን ነው።

ከኔ የተማራችሁት እንዲሆን

በመጀመሪያ፣ የመልቀቅ ውሳኔ በማታ አይወሰን። በተለይ ስህተት በተሠራበትና ሰው በተቆጣበት ቀን። እኔ ለራሴ ቀን ቆርጫለሁ፤ 60ው ቀን ሳይሞላ «ልቀቅ ወይስ ልቀጥል» የሚል ጥያቄ አላነሳም ብዬ። ቀን ሲቆረጥለት ጥያቄው በየምሽቱ አይመጣም።

ሁለተኛ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ሰዓቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። መግቢያው ብቻ አይደለም፣ መውጫውም። ሦስተኛው ሥራዬ ላይ ገና ስገባ «6፡30 ላይ እወጣለሁ፤ ልጆች አሉኝ፤ የወር መዝጊያ ላይ ሁለት ቀን ማምሸት እችላለሁ» አልኩ። ለመናገር ፈርቼ ነበር። አለቃዬ «ጥሩ» ብለው አለፉት። አምስት ሳምንት ሙሉ ያልተናገርኩት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሦስተኛ፣ ሞግዚቷ የቀረችበትን፣ ልጅ ያተኮሰውን ቀን አስቀድማችሁ አስቡት፤ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ቤት ዝርዝሩ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፦ መጀመሪያ እናቴ፣ ቀጥሎ ጎረቤታችን፣ ከዚያ ባለቤቴ። የኔ ስም የመጨረሻው ነው። ድሮ የመጀመሪያውና ብቸኛው ነበር።

አራተኛ፣ የማታውቁትን ጠይቁ። ዘንድሮም ከኔ በዕድሜ የምታንስ ገንዘብ ያዥ አለች። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ወንበሬን ወደሷ አስጠግቼ «ይሄን አላውቀውም፤ አሳይኝ» አልኳት። እኔ ደግሞ ወር አዘጋግ አሳየኋት። አሁን «አንቺ» ነው የምትለኝ። እንደዚህ ያስደሰተኝ «አንቺ» የለም።

አምስተኛ፣ የተወጣችሁትን ጻፉ። እኔ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር በቀን አንድ መስመር እጽፋለሁ። «የባንክ ሒሳብ አስታረቅኩ።» «አዲሱን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ አንብቤ ጨረስኩ።» «ተሳሳትኩ፤ አስተካከልኩ።» ከሁሉም ብዙ ጊዜ ገልጬ የማያት ይቺን የመጨረሻዋን ነው።

መልቀቅስ የሚገባበት ጊዜ የለም?

አለ። ደመወዝ በወቅቱ የማይከፍል፣ የሚያዋርድ ወይም የማይገባ ነገር የሚጠይቅ ቦታ፣ ስሙ ብቻ የግማሽ ቀን የሆነ ሥራ፣ ተነጋግረውበት የማይሻሻል ከሆነ መልቀቅ ሽንፈት አይደለም። ሁለተኛውን ሥራዬን ዛሬ ሳስበው በከፊል ትክክል ነበርኩ። ጥፋቴ ሳልናገር መውጣቴ ነው። ተናግሬ ብወጣ ኖሮ «አልቻልኩም» ብዬ ሳይሆን «አልተስማማንም» ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይሄ ነው፦ የምሸሸው ከቦታው ነው ወይስ ከስህተቴ? ስህተት የትም ተከትሎ ይመጣል።

ለባሎችና ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። «ቢከብድሽ ተይው፣ እኔ አለሁ» የሚለው ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን በየምሽቱ ከተባለ፣ ሳይታወቅ «መቼም አትችይውም» ወደማለት ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ የባለቤቴ «እና?» በጣም ጠቅማኛለች። እራቱን ማሞቅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ታኅሣሥ ላይ 60ኛ ቀኔ ሞላ። ደስታም ልቅሶም አልነበረም፤ የወር መዝጊያ ቀርቦ ስለነበር ጊዜም አልነበረኝም። መገናኛ ላይ ሆዴ አሁንም አንዳንዴ ይረበሻል። እኔም እሱን ይዤ ታክሲ እሳፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን መውጣት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ኳስ ስቶባት ልጆች ሳቁባት።

«ስንት ቀን ሆነሽ?» አልኳት።

«ሁለት።»

ዝም ብዬ አየኋት። ነገሩ ገባትና ዓይኗን አፍጥጣ «ማሚ፣ ስድሳ ቀን ልታስጠብቂኝ ነው እንዴ?» አለች።

በአሥር ተስማማን። እስካሁን አራት ሆኗታል።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን።